ቆጠራ፣ ክትትል ወይስ ሁለቱም? የባሕር ወፎችን ካርታ ለሚሠራ ሰው የንጽጽር መመሪያ

የባሕር ወፎች ከባሕሩ የትኛውን ክፍል ይጠቀማሉ? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። መልሱን የሚፈልገው ሰው ግን ብዙ ነው። የባሕር ጥብቅ ክልል ሊከልል ያሰበ መሥሪያ ቤት አለ። ባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተክል የተነሣ ኩባንያ አለ። ወፎች በዓሣ አጥማጅ መንጠቆ እንዳያልቁ የሚሟገት ማኅበር አለ። የመመረቂያ ርዕሱን ይዞ ግራ የገባው ተማሪም አለ። ሁሉም ፊት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት መረጃዎች ናቸው።

አንደኛው ቆጠራ ነው። ሰዎች በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ሆነው በተሰመረ መስመር ይሄዳሉ፤ ያዩትን ይመዘግባሉ። ሁለተኛው ክትትል ነው። ወፏ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል፤ የሄደችበትን ይናገራል። ከዚያ ሦስተኛ ምክር ይመጣል፦ "ሁለቱን አዋሕዷቸው።" ይህ ምክር ሲነገር ሁሌም የተሻለው መንገድ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ሁሌም አይደለም።

ምክንያቱ ሁለቱ መረጃዎች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አለመሆኑ ነው። ቆጠራ ቦታውን ይዞ ወፎቹን ይጠብቃል። ክትትል ወፏን ይዞ ቦታዎቹን ይከተላል። ከቆጠራ የሚገኘው "በስኩዌር ኪሎ ሜትር ስንት ወፍ አለ" የሚለው ነው። ከክትትል የሚገኘው "ይቺ ወፍ ጊዜዋን የት የት አሳለፈች" የሚለው ነው። አንዱ የሚለካው በብዛት፣ ሌላው በጊዜ ድርሻ ነው። ዝም ብሎ አይደመርም።

መጀመሪያ መስፈርቱ

መሣሪያ ከመግዛትና የስታቲስቲክስ ሞዴል ከመምረጥ በፊት እነዚህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የምትፈልጉት ቁጥር ነው? ስንት ወፍ በነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይን ሊመታ እንደሚችል የሚያሰላ ሰው ቁጥር ከሌለው አንድ እርምጃ አይሄድም። ወይስ የሚፈለገው ወፎቹ የማን እንደሆኑ ማወቅ ነው? የትኛው ደሴት ላይ እንደሚራቡ፣ ጎልማሳ ይሁኑ ገና ያልደረሱ? ይህን ቆጠራ አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ጊዜ። ካርታው ለመራቢያ ወቅት ብቻ ነው ወይስ ለዓመቱ ሙሉ? ሌሊቱስ? ከዚያ የቦታ ጥራት ይመጣል፤ ወፏ ያለችበት ቦታ በምን ያህል ትክክለኛነት ይታወቃል ማለት ነው። 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው ቦታ የሚጠይቅ ሰውና ስለ ሙሉ ውቅያኖስ የሚጠይቅ ሰው አንድ መሣሪያ አይገዙም። በመጨረሻ ወጪው ነው። ወጪ ስል ገንዘቡን ብቻ አይደለም። የስታቲስቲክስ ሙያውንም፣ ወፏ የምትሸከመውንም ማለቴ ነው።

ከመርከብ ላይ መቁጠር

በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ለአርባ ዓመት ያህል የዳበረ አሠራር አለ። ተመልካቹ ከመርከቡ በአንድ ጎን 300 ሜትር ስፋት ያለውን የባሕር ሰቅ ይቆጣጠራል። ውኃ ላይ የተቀመጠችን ወፍ ከርቀቷ ጋር ይመዘግባል፦ እስከ 50 ሜትር፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300። የምትበር ወፍ ግን ሌላ ሕግ አላት። እሷ የምትቆጠረው በተወሰነ ቅጽበት ሰቁ ውስጥ ከተገኘች ብቻ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? በ10 ኖት (ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) የሚሄድ መርከብ በደቂቃ 309 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወፏ ደግሞ ከመርከቡ በብዙ ትፈጥናለች። ደቂቃውን ሙሉ ያለፈችውን ሁሉ ብትቆጥሩ፣ ከሌላ ቦታ መጥተው የሚያልፉትን ሁሉ እዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትከምራላችሁ። ብዛቱ ከእውነቱ በላይ ያብጣል። ስለዚህ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ቀና ተብሎ ይታያል፤ በዚያች ቅጽበት 300 በ300 ሜትር ውስጥ ያለው ብቻ ይጻፋል። የቆየ ዳታ ስትረከቡ በመጀመሪያ ጠይቁ፦ የሚበሩት በቅጽበት ነው የተቆጠሩት ወይስ ዝም ብሎ? መልሱ ካልተገኘ የሚበሩትን ወፎች ብዛት አትመኑት።

የመርከብ ቆጠራ ጥንካሬው ዕድሜና ጾታ ሳይመርጥ ያገኘውን ሁሉ መቁጠሩ ነው። ጎጆ ያላትም፣ የሌላትም፣ ከሌላ አህጉር የመጣችም ትቆጠራለች። ተመልካቹ ወፎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነም ያያል፦ እየጠለቁ ነው? ዓሣ አጥማጅ ጀልባ እየተከተሉ ነው?

ድክመቱም ብዙ ነው። ማዕበል ሲነሣ ትንሽና ጥቁር ወፍ 250 ሜትር ላይ አትታይም። ርቀቱ ከተመዘገበ ይህን በስሌት ማረም ይቻላል፤ ካልተመዘገበ አይቻልም። ጊልሞትን የመሰሉ ጠላቂ ወፎች መርከቡ ሲያልፍ ውኃ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ፉልማር የሚባለው የባሕር ወፍና አንዳንድ የጋል ዘሮች ራሳቸው ወደ መርከቡ ይመጣሉ። ስኮተር የሚባሉት ጥቁር የባሕር ዳክዬዎች ደግሞ መርከቡ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ተነሥተው ይጠፋሉ። ሌሊት ቆጠራ የለም። ባሕሩ ሲናወጥም የለም፤ ስለዚህ ካርታው ሳይታወቅ "ጸጥ ያለ ቀን" ካርታ ይሆናል።

ከአየር ላይ መቁጠር

አየር ላይ ያለው ምርጫ በዓይን ወይም በካሜራ ነው። በዓይን የሚቆጥር ቡድን 75 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይበራል። በካሜራ የሚሠራው 500 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚለይ ምስል ያነሣል። ከእነዚህ ሁለቱ የምመርጠው ካሜራውን ነው። ወፎቹን አያስበረግግም። ምስሉ ይቀመጣል፤ የሚጠራጠር ሰው ተመልሶ ያየዋል። ለነፋስ ኃይል ጉዳይ ደግሞ አንድ ወሳኝ ነጥብ አለ፦ ተርባይኖቹ ከቆሙ በኋላ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን እዚያ አይገባም። በዓይን ጀምራችሁ በካሜራ ብትጨርሱ የ"በፊት"ና የ"በኋላ" ንጽጽሩ ይበላሻል።

የካሜራው ችግር ተመሳሳይ ዝርያዎችን መለየት ነው። ጊልሞትና ሬዘርቢል ከላይ ሲታዩ ያደናግራሉ። የጠለቀች ወፍም ምስል ላይ የለችም። ዝርያው በጠለቃ የሚያሳልፈውን የጊዜ ድርሻ ከሌላ ምንጭ አምጥቶ ማረም ግድ ነው። ያ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ክትትል ነው። የሁለቱ መረጃ የመጀመሪያው ጋብቻ እዚህ ይፈጸማል፤ ማንም "ውሕደት" ብሎ ባይጠራውም።

ክትትል፦ ሦስት መሣሪያ፣ ሦስት የተለያየ ካርታ

በ1990 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ ዋንደሪንግ አልባትሮስ የተባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ በሳተላይት የተከታተለ ነበር። አንዲት ወፍ እንቁላል በመታቀፍ ተራዎች መካከል በምታደርገው አንድ የምግብ ጉዞ ከ3,600 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር እንደምትሸፍን አሳየ። ይህን የትኛውም መርከብ ቆጥሮ አይደርስበትም።

ዛሬ ምርጫው ሦስት ነው። ጂፒኤስ ቦታን በሜትሮች ስህተት ይይዛል። ርካሾቹ ግን ዳታውን ውስጣቸው ያስቀምጣሉ፤ ወፏን መልሶ መያዝ ያስፈልጋል። መልሳችሁ የምትይዟት ጎጆዋ ላይ ስትመለስ ነው። ስለዚህ ናሙናችሁ ሳታስቡት "ጎጆ ያላቸው ጎልማሶች" ብቻ ይሆናል።

የሳተላይት አስተላላፊው ወፏ ሳትያዝ ቦታዋን ይልካል። አርጎስ የሚባለው የሳተላይት መከታተያ ሥርዓት ከ1978 ጀምሮ ይሠራል። ምርጥ ነጥቦቹ ከ250 ሜትር ያነሰ ስህተት አላቸው። ደካማዎቹ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ሊስቱ ይችላሉ። ክብደቱና ወርኃዊ ክፍያው ይከብዳል። ሆኖም ከጎጆ ወጥተው ለዓመታት የማይመለሱትን ጫጩቶች ለመከታተል ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ብርሃን ለኪ ነው፤ ተመራማሪዎች ጂኦሎኬተር ይሉታል። የቀኑን ርዝመት ይለካል፤ ከርዝመቱ ኬክሮስ፣ ከቀትሩ ሰዓት ኬንትሮስ ይሰላል። አንድ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ የእግር ቀለበት ላይ ተጣብቆ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። በ2010 የታተመው የአርክቲክ ተርን ጥናት 1.4 ግራም በሚመዝን ብርሃን ለኪ ነበር የተሠራው። ወፎቹ በዓመት በአማካይ 70,900 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ የታወቀው ያኔ ነው። ስህተቱ ግን ሰፊ ነው፤ በአልባትሮስ ላይ ሲፈተሽ በአማካይ 186 ኪሎ ሜትር ወጥቷል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው የመጋቢትና የመስከረም ሳምንታት ኬክሮሱ ጭራሽ አይታመንም፤ የቀኑ ርዝመት በሁሉም ቦታ ይመሳሰላላ። በዚህ መሣሪያ የተሠራን ካርታ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የተርባይን ሜዳ ላይ ለጥፎ "ወፎቹ አይደርሱበትም" ማለት አይቻልም። ይህን የሚል ሪፖርት ካያችሁ ሳትቀበሉ ለላከው ሰው መልሱለት።

ክብደትን በተመለከተ የተለመደው ልክ መሣሪያው ከወፏ ክብደት 3 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ጋኔት ለሚባል የባሕር ወፍ 90 ግራም ማለት ነው፤ ምንም አያሳስብም። 25 ግራም ለምትመዝን ስቶርም ፔትረል ግን 0.75 ግራም ነው። እዚህ ላይ በጀታችሁ ምንም ያህል ቢሆን ምርጫው ይጠብባችኋል። 3 በመቶውም ዋስትና አይደለም። ለምትጠልቅ ወፍ ከክብደቱ ይልቅ ውኃው ውስጥ የሚጎትታት ቅርፁ ሊብስ ይችላል።

ሌላው ወጥመድ የነጥብ ብዛት ነው። 10,000 ነጥብ የሰጠች አንዲት ወፍ አሁንም አንዲት ወፍ ናት። ጎረቤት ደሴት ደግሞ ሌላ ዓለም ሊሆን ይችላል። በ2013 የታተመ በብሪታንያና አየርላንድ ዙሪያ የተሠራ ጥናት ከ12 መራቢያ ቦታዎች 184 ጋኔቶችን ተከታትሎ ነበር። የአንዱ ቦታ ወፎች የሚመገቡበት ባሕር ከጎረቤቶቻቸው ባሕር ጋር እምብዛም አልተነካካም። አጥር የለም፤ የሚጠብቀውም የለም፤ ግን ተከፋፍለውታል። ስለዚህ ከአንድ ደሴት በተገኘ ክትትል የጠቅላላውን አካባቢ ካርታ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ጎረቤቶቹን ምን እንዳደረጋቸው ጠይቁት።

ማዋሐድ ሲባል የቱ?

ግራ መጋባቱ የሚብሰው እዚህ ነው። "አዋሕደናል" የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል።

የመጀመሪያው ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሁለት ካርታ ለየብቻ ይሠራል፤ የሚገጣጠሙበትና የሚጋጩበት ይታያል። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ሁለቱ የሚስማሙበት ቦታ ላይ በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል። የማይስማሙበት ቦታ ደግሞ ራሱ መረጃ ነው። ቆጠራው ብዙ ወፍ አይቶ ክትትሉ ባዶ ከሆነ፣ እዚያ ያሉት ጎጆ የሌላቸው ወይም ካልተከታተላችኋቸው ደሴቶች የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሰሜን አትላንቲክ መሐል ያለው ትልቁ ጥብቅ ክልል ጥሩ ማሳያ ነው። በ2021 የታወጀው በኦስፓር (የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክን ባሕር ለመጠበቅ በተደረገው) ስምምነት አባል አገሮች ነው፤ ስፋቱ 600,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቦታውን ያወጣው ክትትል ነበር፦ 21 ዝርያ፣ ከ56 መራቢያ ቦታዎች። ከዳርቻ ያን ያህል የራቀን ባሕር ማንም በመደበኛነት ሄዶ አይቆጥርም ነበር። ክልሉ ከመታወጁ በፊት ግን፣ በ2017፣ የምርምር መርከብ ወደዚያው ተልኮ ወፎቹን ቆጠረ። ክትትል "እዚህ ፈልጉ" አለ፤ መርከቡ ሄዶ አየ። ያለ አንድ መስመር የተወሳሰበ ሞዴል ሁለቱ መረጃዎች ተደጋገፉ።

ሁለተኛው ክትትልን በሕዝብ ብዛት፣ ማለትም በወፎቹ ብዛት፣ መመዘን ነው። ከእያንዳንዱ ደሴት የተገኘው የጊዜ ድርሻ በዚያ ደሴት ባሉት ወፎች ቁጥር ይባዛል። ያኔ "በመቶ" የነበረው "ስንት ወፍ" ይሆናል። ከላይ ያለው የአትላንቲክ ቦታ እስከ 5 ሚሊዮን ወፍ ይጠቀምበታል የተባለውም በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ሳይረሳ መግባት ያለበት ዕድሜ ነው። ዋንደሪንግ አልባትሮስ መራባት የሚጀምረው አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ከሕዝቡ ትልቅ ድርሻ ያለው ጎጆ ሳይኖረው የሚዞረው ነው ማለት ነው። እነሱን የዘለለ ካርታ የወላጆች ካርታ ነው፤ ይህንንም ርዕሱ ላይ መጻፍ ያሻል።

ሦስተኛው አንዱን መሥሪያ፣ ሌላውን መፈተኛ ማድረግ ነው። በክትትሉ የመኖሪያ ሞዴል ይሠራል፦ ጥልቀት፣ የውኃ ሙቀት፣ ከደሴቱ ያለው ርቀት። ከዚያ ሞዴሉ በቆጠራው ይፈተሻል። ወይም በተገላቢጦሽ። የቆጠራውን ወፎች ለየደሴቶቹ ለማከፋፈል ክትትልን መጠቀምም ከዚሁ ወገን ነው። ለነፋስ ኃይል ፈቃድ በጣም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ብዛቱን ከካሜራው ትወስዳላችሁ፤ "የማን ናቸው?" ለሚለው መልሱ ከጂፒኤሱ ይመጣል።

አራተኛው በአንድ ሞዴል ውስጥ ሁለቱንም መጨመር ነው። እያንዳንዱ መረጃ በራሱ የስህተት ባሕርይ ይገባል፤ ወፎቹ ለአካባቢው የሚሰጡት ምላሽ ግን የጋራ ይደረጋል። በሚገባ ከተሠራ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ የእርግጠኝነቱም መጠን በካርታ ይወጣል። በ2015 ስትሪክድ ሺርዎተር በሚባል የባሕር ወፍ ላይ የታተመ የጃፓን ጥናት ከሁለት መራቢያ ቦታዎች የተገኘን ክትትልና የመርከብ ቆጠራን ያጣመረው በዚህ መንፈስ ነው። ዓላማውም በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን የሕይወት ደረጃ ልዩነት ማስገባት ነበር።

አደጋው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጂፒኤስ ነጥቦች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ፤ የቆጠራ መዝገቡ በሺዎች ነው። ካልተመዘኑ ክትትሉ ቆጠራውን ይውጠዋል፤ "የተዋሐደ" የተባለው ካርታ የክትትል ካርታ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ይብሳል። ጫጩት የሚመግብ ወላጅ ከደሴቱ ርቆ መቆየት አይችልም። ጎጆ የሌላት ወፍ ግን እንደ ልቧ ናት። "ከደሴቱ ርቀት" የሚለውን ምላሽ ለሁለቱ የጋራ ካደረጋችሁት ሞዴሉ ከሁለቱም ጋር የማይገጥም አማካይ ያወጣል። ካርታው ያምራል፤ እንዲህ ዓይነት ወፍ ግን የለችም።

ስለዚህ ከማዋሐድ በፊት አራት ነገር ይመሳከር፦ ዓመቱ፣ ወቅቱ፣ የሕይወት ደረጃው፣ የቦታ ጥራቱ። የሰኔ ቆጠራና የጥር ክትትል አይጋቡም። የጂፒኤስ ነጥብና የብርሃን ለኪ ነጥብም በአንድ ጥልፍልፍ (ካርታው በሚከፈልባቸው ካሬዎች) ላይ እኩል አይቀመጡም። ከአራቱ ሁለቱ ካልገጠሙ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ማቆም ይሻላል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ብዛት ይሰጣል? | ወፎቹ የማን እንደሆኑ? | ሌሊትና ከመራቢያ ወቅት ውጭ | የቦታ ጥራት | ወጪና ሙያ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመርከብ ቆጠራ | አዎ፣ ርቀት ከተመዘገበ | አይታወቅም | ሌሊት የለም፤ ሌላ ወቅት አየሩ ከፈቀደ | ጥሩ | የመርከብ ቀን ውድ ነው፤ በሌላ መርከብ ተዳብሎ ይቀንሳል |
| የአየር ካሜራ | አዎ፣ ጠለቃ ከታረመ | አይታወቅም | ሌሊት የለም | በጣም ጥሩ | ውድ፤ ምስል ለዪ ባለሙያ ይፈልጋል |
| ጂፒኤስ | ብቻውን አይሰጥም | ይታወቃል | ሌሊት አዎ፤ በብዛት በመራቢያ ወቅት | በሜትሮች | መካከለኛ፤ ወፍ መያዝ ፈቃድና ልምድ ይጠይቃል |
| የሳተላይት አስተላላፊ | ብቻውን አይሰጥም | ይታወቃል፣ ልጆችም ጭምር | አዎ | ከመቶ ሜትሮች እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር | ውድ፣ ወርኃዊ ክፍያ አለው |
| ብርሃን ለኪ | ብቻውን አይሰጥም | ይታወቃል | ዓመቱን ሙሉ | ወደ 200 ኪሎ ሜትር | ርካሽ፤ መልሶ መያዝ ግድ ነው |
| ጎን ለጎን | ከቆጠራው | ከክትትሉ | እንደ ምንጮቹ | እንደ ደካማው | ዝቅተኛ |
| በሕዝብ ብዛት የተመዘነ ክትትል | አዎ፣ የደሴቶቹ ቆጠራ ካለ | ይታወቃል | እንደ መሣሪያው | እንደ መሣሪያው | መካከለኛ |
| መሥሪያና መፈተኛ | ከቆጠራው | ከክትትሉ | ሁለቱ የሚጋሩት ወቅት | እንደ ደካማው | መካከለኛ |
| አንድ የጋራ ሞዴል | አዎ | በከፊል | ሁለቱ የሚጋሩት ወቅት | ጥሩ፣ ከነስህተቱ | ከፍተኛ የስታቲስቲክስ ሙያ |

ለማን የቱ?

በጀት የሌለው ተማሪ አዲስ መሣሪያ ባይገዛ ይሻላል። የወፎች ጥበቃ ድርጅት የሆነው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚያስተዳድረው የዓለም የባሕር ወፎች ክትትል ቋት አለ፤ የዳታው ባለቤቶች ሲፈቅዱ ያጋራል። የአውሮፓ የመርከብ ቆጠራም የጋራ ቋት አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጋጩበትን ቦታ ማብራራት ራሱን የቻለ የመመረቂያ ሥራ ነው።

የተርባይን ሜዳ የሚገመግም ሰው ከሁሉ በፊት ገንዘቡን በካሜራ ቆጠራ ላይ ያውል። ከዚያ በአቅራቢያ ባሉት መራቢያ ደሴቶች ላይ ጂፒኤስ ይጨምር። አንድ ደሴት ላይ ብዙ ወፍ ከማሰር ይልቅ መሣሪያዎቹን ለብዙ ደሴቶች ማከፋፈሉ ይሻላል፤ የጋኔቶቹ ጉዳይ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ጥብቅ ክልል የሚከልል መሥሪያ ቤት ወደ ክፍት ውቅያኖስ ከወጣ፣ በሕዝብ ብዛት የተመዘነ ክትትል ይጀምርና በተመረጠው ቦታ ላይ አንድ የመርከብ ጉዞ ይጨምር። ከዳርቻ አጠገብ ከሆነ ግን ሁለቱም በደንብ ይገኛሉ። ስፔን በ2014 ለወፎች የከለለቻቸው 39 የባሕር ቦታዎች መነሻ የሆነው ጥናት ቆጠራንም ክትትልንም ተጠቅሟል።

የዓሣ ማጥመድ ጉዳት የሚያሳስበው ሰው ዓመቱን ሙሉ ማየት አለበት። ለጎልማሶቹ ብርሃን ለኪ፣ ለልጆቹ የሳተላይት አስተላላፊ ይበቃዋል። የሚያወዳድረው በሰፊ ጥልፍልፍ ከተመዘገበ የማጥመድ ጥረት ጋር ከሆነ 200 ኪሎ ሜትር ስህተት ብዙ አይጎዳውም።

አንድ የጋራ ሞዴል የሚያዋጣው ከላይ ያሉት አራቱ ነገሮች ሲገጥሙና በቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ሞዴሉን ያለ መመሪያ ከባዶ መጻፍ ሲችል ነው። ያኔም የቆጠራው ብቻ፣ የክትትሉ ብቻና የጋራው ካርታ ሦስቱም ሪፖርቱ ውስጥ ይግቡ። የጋራው ከሁለቱ በአንዱ ላይ በጣም ካጋደለ፣ ፈቃድ ሰጪው ይህን በዓይኑ ማየት አለበት።